ለፒኤች 4.8 ማሳ 27 ኩንታል ኖራ ለምን? ዩሪያ፣ አመድና ጀሶስ አይተኩትም?

ጥያቄው፦ «ቤተሰቦቼ አዊ ዞን ውስጥ አንድ ሄክታር መሬት ላይ ገብስ፣ ባቄላና ድንች እያፈራረቁ ያመርታሉ። ገብሱ ከዓመት ዓመት እየቀጨጨ ነው። አባቴ ‹መሬቱ ደክሟል› ይላል። የአፈር ናሙና ተመርምሮ ‹ፒኤች 4.8፣ ኤክስቼንጀብል አሲዲቲ 2.0› የሚል ወረቀት መጣ። ቢያንስ 5.8 ቢሆን ጥሩ ነው ተባልን። የጎደለው አንድ ቁጥር ብቻ ሆኖ ሳለ 27 ኩንታል የግብርና ኖራ ግዙ አሉን። ገንዘቡን ከአዲስ አበባ የምልከው እኔ ነኝ፤ ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ዩሪያ ቤዝ (የአሲድ ማምከኛ) ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እሱን ብንጨምርስ? እናቴ አመድ ይበቃል ትላለች። አንድ ነጋዴ ደግሞ ‹ጀሶም ካልሲየም ነው፣ ያው ነው፣ በቅናሽ ላምጣልህ› ብሎኛል። የቱ ይሻላል?»

27 ኩንታሉ ማጭበርበር አይደለም። ወረቀቱ ላይ ካሉት ቁጥሮች ተነስቼ ስሌቱን ሠርቼዋለሁ፤ ያው 27 ይመጣል። ዩሪያ መጨመር ነገሩን ያብሰዋል። ጀሶው አሲዱን አይነካውም። የእናትዎ አመድ ይሠራል፣ ግን ለሄክታር አይዳረስም። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ምክንያቱ ካልገባዎት ሌላ ነጋዴ ሌላ ነጭ ዱቄት ይዞ ሲመጣ መልስ አይኖርዎትም።

መጀመሪያ «የጎደለው አንድ ቁጥር ብቻ» የሚለውን እናርመው። የፒኤች መለኪያን በ1909 ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። አሲድነት የሚለካው ውሃው ውስጥ ባለው የሃይድሮጂን አዮን ብዛት ነው። ብዛቱ ግን እንደ 0.00001 ያለ ለአፍም ለጽሑፍም የማይመች ቁጥር ስለሚሆን፣ ሶረንሰን የዜሮዎቹን ቁጥር ብቻ ወስዶ አጭር ሚዛን ሠራ። ስለዚህ በዚህ ሚዛን አንድ ቁጥር ወረደ ማለት አሲዱ አሥር እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። የአባትዎ ማሳ ፒኤቹ 5.8 ከሆነ ማሳ ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ አሲዳማ ነው። 6.8 ከሆነ ማሳ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ መቶ እጥፍ። ሚዛኑን እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር ማንበብ አይቻልም።

ይህም ቢሆን 27 ኩንታሉን አያስረዳም። እንዲያውም 4.8 ብቻውን ሲታይ ያን ያህል የሚያስፈራ ቁጥር አይደለም። ለመጋገር የደረሰ የጤፍ ሊጥ ፒኤቹ 4 አካባቢ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች ነው። ሎሚ ከ2 እስከ 2.5 ይደርሳል። ጥቁር ቡና 5 ገደማ ነው። በፒኤች ብቻ ከሄድን ከአባትዎ አፈር ይልቅ እናትዎ የሚጋግሩት እንጀራ ሊጥ የበለጠ አሲድ አለው። ታዲያ ሊጡ ሰው እየመገበ አፈሩ ገብሱን የሚጎዳው ለምንድን ነው?

መልሱ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በየትኛውም የሸክላ አፈር ውስጥ በብዛት አለ። ፒኤቹ ከ5.5 በላይ እስከሆነ ድረስ ድንጋይ ሆኖ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ሥር አይነካውም። ከ5.5 ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል፤ ከ5 በታች ሲሆን በአፈሩ ውሃ ውስጥ ይበዛል። የሟሟው አሉሚኒየም መርዝነቱ ለሥር ጫፍ ነው። ሥሩ ማደግ ያቆማል፣ ያጥራል፣ ይወፍራል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ቀጫጭን የሥር ፀጉሮቹን ያጣል። አባትዎ አንድ የገብስ ተክል ከነአፈሩ በዶማ አውጥተው በውሃ ያጥቡትና ሥሩን ይዩት። ጤነኛ የገብስ ሥር ነጭና ረጅም ሆኖ እንደ ጭራ የተበተነ ነው። አሉሚኒየም የጎዳው ግን አጥሮና ጠቁሮ ላይ ላዩን ብቻ ተንጠልጥሎ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሥር ወደ ታች ወርዶ ውሃ ጋ መድረስ አይችልም። ዝናብ ለጥቂት ቀን ሲጠፋ ማሳው ቶሎ የሚጠወልገው ለዚህ ነው።

አሉሚኒየሙ ሌላም ጥፋት አለው። ከብረት ጋር ሆኖ ፎስፈረስን ይዞ ያስቀራል። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ (ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለውን) ሲገዙ ዋናውን ገንዘብ የከፈሉት ለፎስፈረሱ ነው። አሲዳማ አፈር ላይ ሲያርፍ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ጠጣር ይሆናል። ተክሉ አጠገቡ ተቀምጦ አያገኘውም። ብዙ ገበሬ «ማዳበሪያው እንደ ድሮው አይሠራም» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ማዳበሪያው ያው ነው፤ የተቀየረው አፈሩ ነው።

ወደ 27 ኩንታሉ ልመለስ። ፒኤች የሚለካው በአፈሩ ውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ ያለውን አሲድ ብቻ ነው። ያ አሲድ ስንት እንደሆነ እናስላው። የአንድ ሄክታር አፈር በማረሻ እስከሚደርሰው 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ 1,800 ቶን ገደማ ይመዝናል። እርጥበቱ ሩቡን ያህል ቢሆን 450,000 ሊትር ውሃ ይዟል። በፒኤች 4.8 በዚህ ሁሉ ውሃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጂን አዮን ሰባት ሞል ያህል ነው (ሞል ኬሚስቶች ቅንጣት የሚቆጥሩበት መለኪያ ነው)። ይህን ለማምከን የሚበቃው የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ማለትም የግብርና ኖራ፣ ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ነው። አዎ፣ ለሙሉ ሄክታር ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬዎ ትክክል ነበር።

ዋናው አሲድ ያለው ውሃው ውስጥ አይደለም፣ የሸክላው ቅንጣት ላይ ተለጥፎ ነው። የሸክላ ቅንጣት ገጹ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ፖዘቲቭ የሆኑትን ይስባል፤ ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምን፣ ፖታሲየምን፣ ሃይድሮጂንን፣ አሉሚኒየምን። ውሃው ውስጥ ያለው አሲድ ሲመክን ቅንጣቱ ላይ ያለው ይለቀቅና ይተካዋል። ከእንሥራ በጣሳ እንደመቅዳት ነው፤ ጣሳው ባዶ ሲሆን ከእንሥራው ይሞላል። ከዚህ ላይ አሉሚኒየም ራሱ አሲድ አምራች ነው። አንድ የአሉሚኒየም አዮን ከውሃ ጋር ሲዋሃድ እስከ ሦስት የሃይድሮጂን አዮን ይለቃል።

ወረቀትዎ ላይ ያለው ሁለተኛው ቁጥር፣ ያ 2.0፣ የሚናገረው ስለ እንሥራው ነው። ተለዋጭ አሲድነት እንበለው። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚለካው እንዲህ ነው። የደረቀውና የተነፋው አፈር ላይ በውሃ የሟሟ ፖታሲየም ክሎራይድ ይፈስስበታል። ፖታሲየሙ ቁጥሩ ስለሚበዛ ሃይድሮጂኑንና አሉሚኒየሙን ከሸክላው ገጽ ገፍቶ ያስወጣቸዋል። ከዚያ ተጣርቶ የወጣው ጥርት ያለ ፈሳሽ ላይ ጥቂት የፊኖልፍታሊን ጠብታ ይጨመራል። አሲድ እስካለ ድረስ ቀለም የለውም። ከላይ ቢዩሬት በሚባል መለኪያ ባለው የብርጭቆ ቱቦ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቤዝ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ብልጭ ብሎ ሮዝ ይሆናል፣ ሲነቀነቅ ይጠፋል። አሲዱ ሲያልቅ ግን ሮዙ አይጠፋም። እስከዚያች ጠብታ ድረስ የወጣው ቤዝ ይነበብና ስንት አሲድ እንደነበረ ይታወቃል። ትምህርት ቤት የሠራናት ቲትሬሽን ማለት ናት፤ የቤተሰብዎን ገንዘብ የምትወስነውም እሷ ናት።

2.0 የሚለው በአንድ ኪሎ አፈር 2 ሴንቲሞል (የአንድ ሞል ሁለት መቶኛ) አሲድ ማለት ነው። ለ1,800 ቶን አፈር ሲሰላ 36,000 ሞል ይመጣል። ውሃው ውስጥ ካለው አምስት ሺህ እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። አንድ ሞል ካልሲየም ካርቦኔት 100 ግራም ይመዝናል፤ ሁለት ሞል አሲድ ያመክናል። ስለዚህ የሚያስፈልገው 1,800 ኪሎ፣ ማለትም 18 ኩንታል ነው። ማሳ ግን የላቦራቶሪ ብርጭቆ አይደለም። ዱቄቱ ከእያንዳንዱ የአፈር ቅንጣት ጋር እኩል አይገናኝም፤ የተደበቀ አሲድም አለ። ስለዚህ በ1.5 ተባዝቶ 27 ኩንታል ተባለ። ማንም ከኪሱ ያወጣው ቁጥር አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ትልቅ ነው። ኖራ በፒኤች ብቻ አይገዛም። ሁለት ማሳዎች እኩል 4.8 ሆነው፣ አሸዋማው ግማሹን ኖራ፣ ከባዱ ቀይ ሸክላ እጥፉን ሊጠይቁ ይችላሉ። ፒኤች የሚነግርዎት ችግር መኖሩን ነው። ስንት ኩንታል እንደሚያስፈልግ የሚነግርዎት ሁለተኛው ቁጥር ነው። ፒኤች ብቻ ለክቶ ኩንታል የሚነግርዎት ሰው ካለ እየገመተ ነው።

አባትዎ «መሬቱ ደክሟል» ማለታቸው ከኬሚስትሪው ጋር ይስማማል። ንጹሕ ዝናብ ራሱ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ፒኤቹ 5.6 ገደማ ነው። እንደ አዊ ባለ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ይህ ውሃ ለዘመናት ሲወርድ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ ቦታቸውን ሃይድሮጂንና አሉሚኒየም ይይዙታል። እኛም እናግዘዋለን። እህሉ ጎተራ ይገባል፣ ገለባው ለከብት ይሆናል፣ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። ከማሳው የወጣው ካልሲየም ወደ ማሳው አይመለስም። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲድነት የተጠቃ ነው የሚል ግምት በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ጎጃም፣ ወለጋ፣ ጨንቻ፣ እንድብር፣ ሁሉም ዝናብ የጠገበ ደጋና ወይናደጋ ነው።

አሁን ዩሪያው። «ዩሪያ ቤዝ ነው» የነገረዎት ሰው ግማሹን ነው ያየው። ዩሪያ እርጥብ አፈር ላይ ሲያርፍ ወደ አሞኒየም ካርቦኔት ይቀየራል። ለጥቂት ቀናት በዩሪያው ፍሬ ዙሪያ ያለው አፈር በእርግጥ ቤዝ ይሆናል። በዚያ ሳምንት ቢለካ ፒኤቹ ከፍ ብሎ ይታያል። ቀጥሎ ግን የአፈር ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ እያንዳንዱ አሞኒየም ሲለወጥ ሁለት የሃይድሮጂን አዮን ይለቀቃል። የመጀመሪያው ቤዝ ከዚህ አሲድ ግማሹን ብቻ ያጣፋል። ትርፉ አሲድ ነው። ተክሉ የወሰደው ናይትሬት የተወሰነውን ይመልሳል፤ ዝናብ ያጠበው ግን ካልሲየሙን አስከትሎ ይሄዳል። በተለመደው ስሌት አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚያመጣውን አሲድ ለማምከን 80 ኪሎ ያህል የኖራ ድንጋይ ዱቄት ያስፈልጋል። ኤንፒኤስ ላይ ያለው ናይትሮጂን ከመነሻው አሞኒየም ስለሆነ ያ የመጀመሪያው ማጣፊያ እንኳ የለውም።

ይህን ስል ማዳበሪያ አቁሙ ማለቴ አይደለም። ገብስ ያለ ናይትሮጂን አይበቅልም። የተመከረውን ያህል ይጠቀሙ። ነገር ግን ቢጫ የሆነ ገብስ ባየ ቁጥር ዩሪያ የሚጨምር ገበሬ፣ ሥሩ የተቆረጠ ተክል ላይ ገንዘብ እየበተነ መሬቱንም እያኮመጠጠ ነው። ይህን ነገር በየማሳው ሳይ ከልቤ ነው የማዝነው። ገበሬው የሚችለውን ሁሉ እያደረገ ነው የሚጎዳው።

ጀሶው ላይ ነጋዴው የተሳሳተው እዚህ ነው። አሲድን የሚያመክነው ካልሲየም አይደለም። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሥራውን የሚሠራው ካርቦኔቱ ነው፤ ሃይድሮጂኑን ይይዝና ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ካልሲየሙ የሚያገለግለው ባዶ የቀረውን የሸክላ ገጽ ለመያዝ ነው። ጀሶ ደግሞ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ሰልፌት ሃይድሮጂንን ለመያዝ ፍላጎት የለውም። ጀሶ ካልሲየምና ድኝ ይሰጣል፣ በጥልቅ አፈር ላይ የአሉሚኒየምን ጉዳት የሚያለዝብበት ሁኔታም አለ። ፒኤች ግን አያነሳም። በኖራ ዋጋም ይሁን በቅናሽ፣ ለዚህ ሥራ አይግዙት።

ሁለቱን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ ጆንያ አንድ ማንኪያ ዱቄት ብርጭቆ ውስጥ ያድርጉና አቼቶ ያፍስሱበት። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ወዲያው ይፈላል፣ አረፋ እየሠራ ይንሾኳሾካል። ጀሶ ዝም ይላል። ይህ ሙከራ ካርቦኔት መኖሩን እንጂ ጥራቱን አይነግርም፤ አፈር የተቀላቀለበትም ይፈላል። ስለዚህ ሻጩን የንጽሕናውን መቶኛ ይጠይቁት። ንጽሕናው 80 በመቶ ከሆነ 27 ኩንታሉ ወደ 34 ከፍ ማለት አለበት። ዱቄቱንም በጣትዎ ይሹት። እንደ እህል ዱቄት የላመ መሆን አለበት። ጠጠር የበዛበት ከሆነ እያንዳንዱ ጠጠር ከላይ ብቻ እየተበላ ለዓመታት ይቀመጣል። ገንዘብዎ ሥራ ሳይሠራ ማሳ ላይ ይተኛል።

ግድግዳ የሚቀባው ኖራስ? እሱ ቤዝ ነው፣ ያውም ጠንካራ። የኖራ ድንጋይ እሳት ላይ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወጥቶ ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል፤ ውሃ ሲነካው ወደ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል። ክብደት ለክብደት ሲታይ ሃይድሮክሳይዱ ከንጹሕ ካርቦኔት 1.35 እጥፍ፣ ውሃ ያልነካው ኦክሳይድ 1.79 እጥፍ አሲድ ያመክናል። ኩንታሉ ስለሚያንስ መጓጓዣው ይቀንሳል። ቢሆንም ለቤተሰብዎ አልመክረውም። ኦክሳይዱ ውሃ ሲያገኝ ከፍተኛ ሙቀት ይለቃል፤ ላብ ያለበትን ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። ሃይድሮክሳይዱ የሟሟበት ውሃ ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው። በባዶ እጅና በባዶ እግር የሚበተን ነገር አይደለም። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ግን በውሃ ውስጥ ራሱን ችሎ ከ8.3 ገደማ አያልፍም። ቀስ ብሎ ይሠራል፣ አሲድ ባለበት ብቻ ይሟሟል። ሲበተን አቧራው ያስነጥሳልና አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ነው፤ እንደ ተቃጠለው ኖራ ግን ቆዳ አይልጥም።

የእናትዎ ሐሳብ የተመሠረተው በሚያዩት ነገር ላይ ነው። የእንጨት አመድ ካልሲየም ካርቦኔትና ፖታሲየም ካርቦኔት አለው። ቤት አጠገብ ያለው ጓሮ ጎመኑም ጌሾውም የሚያምርበት አንዱ ምክንያት አመዱና ጥራጊው እዚያ ስለሚደፋ ነው። ችግሩ ብዛቱ ነው። አመድ እንደ እንጨቱ ይለያያል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን አሲድ የማምከን ኃይሉ ከንጹሕ የኖራ ድንጋይ ግማሽ ወይም ሩብ ያህል ነው። ለ27 ኩንታል ምትክ ከ54 እስከ 108 ኩንታል አመድ ይጠይቃል። የትኛውም ምድጃ ይህን አይሰጥም። ስለዚህ አመዱ ለጓሮው ይሁን። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የነደደበት አመድ ለእርሻ አይውልም። አመድን ከትኩስ እበትና ሽንት ጋር መደባለቅም ጥሩ አይደለም፤ ቤዙ አሞኒየሙን ወደ አሞኒያ ጋዝ ቀይሮ ያበንነዋል። ያ አፍንጫ የሚበጣጥስ ሽታ የሚሄደው ናይትሮጂን ነው።

ኮምፖስት አልጠየቁኝም፣ ግን መጠየቅ ነበረብዎት። የበሰለ ኮምፖስት አሉሚኒየምን አስሮ ከሥር ያርቀዋል፤ ፒኤችንም ትንሽ ያነሳል። ብቻውን እንዲህ ያለውን አሲድ አይመልስም። ከኖራ ጋር ሲሆን ግን ጥሩ ጓደኛ ነው።

በአካባቢያችሁ ብዙ ሰው ማሳውን ለከሰል ወደሚሆነው የዲከረንስ ዛፍ ማዞሩንም አውቃለሁ። የአዊዋ ፋግታ ለኮማ ወረዳ በዚህ ትታወቃለች። ዛፉ አሲዱን ይችላል፣ ከሰሉ ገንዘብ ያመጣል። ለተራቆተ ተዳፋት መሬት እኔም አልቃወመውም። ነገር ግን የአፈሩን አሲድ አያመክንም። ካልሲየሙም እንጨቱ ውስጥ ገብቶ፣ በከሰል ጆንያ ተጭኖ አዲስ አበባ ይመጣል፤ ከከሰል ምድጃዎ የሚጠርጉት አመድ ምናልባት የአዊ ማሳ ካልሲየም ነው። እህል ለሚያበላ ማሳ መፍትሔው ይህ አይደለም።

ስለ ግቡም አንድ ነገር ልበል። አሲድ ስንል ሰው ወዲያው 7 ላይ ለመድረስ ያስባል። አያስፈልግም፤ ይጎዳልም። አሉሚኒየሙ 5.5 ላይ ተመልሶ ጠጣር ይሆናል። ዋናው ጥቅም እዚያ ተገኝቷል። ከ5.5 እስከ 6 ለገብስም ለባቄላም በቂ ነው። ከዚያ በላይ ኖራ መጫን ዚንክንና ሌሎች በጥቂቱ የሚፈለጉ ንጥረ ነገሮችን ያስራል። ለድንች ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ አለ። ድንች አሲድን ከገብስ የበለጠ ይችላል፤ ፒኤቹ ከፍ ሲል ግን ልጣጩ ላይ እከክ የሚያወጣው ባክቴሪያ ይመቸዋል። ስለዚህ ኖራ በገባበት ዓመት ድንች አይተከል። ገብሱ ይቅደም፣ ባቄላው ይከተል፣ ድንቹ መጨረሻ ይምጣ።

ምክሬ ይህ ነው፦ ኖራውን ይግዙ። በደንብ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ በአቼቶ የተፈተነ፣ ንጽሕናው የታወቀ፣ በተባለው መጠን። መጓጓዣው ከዱቄቱ ሊበልጥ ስለሚችል ከጎረቤት ጋር ሆነው አንድ መኪና ይሙሉ። ገንዘቡ ለሙሉው ሄክታር ካልበቃ፣ የድንቹን ቁራጭ ለጊዜው ይተዉና ለገብሱና ለባቄላው መሬት ብቻ ይግዙ፤ በአሲድ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ትንሽ ኖራ ከዘር ጋር በመስመር ማድረግም አንድ ዘዴ ነው። የዚያን ዓመት ሰብል ይረዳል። ነገር ግን የሚያመክነው የመስመሩን አፈር ብቻ ስለሆነ በየዓመቱ ይደገማል። ሙሉ መጠን መግዛት ለማይችል ሰው ነው የምመክረው።

አጨማመሩ ላይ ብዙ ኖራ ይባክናል። ዱቄቱ እርጥበትና ጊዜ ይፈልጋል። ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ለሰኔ ዘር በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት መጀመሪያ መግባት አለበት። 27 ኩንታል በሄክታር ማለት በካሬ ሜትር 270 ግራም ነው። ማሳውን 19 በ19 ሜትር እየለኩ በገመድ ይከፋፍሉትና ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ኩንታል ያዳርሱ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ይበተን። በተበተነበት ቀን በማረሻ ይገልበጥ፣ ከዚያም ወዲያና ወዲህ አቋርጦ ይታረስ። አፈር ላይ ተነጥፎ የቀረ ኖራ ዝናብ ጠርጎት ይሄዳል። ከዩሪያም ሆነ ከኤንፒኤስ ጋር በአንድ ቀን በፍጹም እንዳይደባለቅ፤ እንደ አመዱ ሁሉ ናይትሮጂኑን ወደ አየር ይሰድደዋል።

ከኖራ የማይጠበቁ ነገሮችም አሉ። ከታረሰው ጥልቀት በታች ያለው አሲድ እንዳለ ይቀራል፤ ኖራ ወደ ታች የሚወርደው በጣም በዝግታ ነው። የተሸረሸረ ማሳ ላይ ጎርፉ ካልታገደ ኖራው ከአፈሩ ጋር ይሄዳል። የገብስ በሽታን አያድንም፣ የዘር ጥራትን አይተካም። በመጀመሪያው ዓመት ዱቄቱ ሁሉ ስለማይሟሟ ሁለተኛው ዓመት ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሆናል። ጥቅሙ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቆያል፤ ዝናቡና ማዳበሪያው ግን ሥራቸውን አያቆሙም።

ስለዚህ ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ያስመርምሩ። ናሙናው ከአንድ ጉድጓድ አይወሰድ። ማሳውን ዚግዛግ እየሄዱ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ይቆፈር። አመድ ከተደፋበት፣ ከብት ከሚያድርበትና ከዛፍ ሥር አይወሰድ። ሁሉም ተደባልቆ፣ ጥላ ሥር ደርቆ አንድ ኪሎ ያህል ይላክ። ለላቦራቶሪው ፒኤች ብቻ ሳይሆን ተለዋጭ አሲድነትም እንዲለካ በግልጽ ይንገሩ። እስከዚያው አባትዎ ከማሳው ዳር አንድ ጠባብ ቁራጭ ኖራ ሳይነካው ይተዉ። ነሐሴ ላይ ከሁለቱም ወገን ባቄላ ነቅለው ሥሩን ያጥቡ። ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች በጥፍር ሰንጥቀው ይዩ። ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ናይትሮጂን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች እየሠሩ ነው። ኖራ ባገኘው ወገን ያሉት ሮዝ ሆነው፣ ያላገኘው ወገን ጥቂትና ነጣ ያለ ከሆነ ገንዘብዎ ቦታው ደርሷል። ሁለቱም ወገን ነጭ ከሆነ ችግሩ አሲድ ብቻ አይደለምና ያንን ጽፈው ይላኩልኝ።